የካንሰሩ ሕዋስ በምን መልእክት ይኖራል?

ልጅ ጡት ሲጥል በእናቱ ጡት ውስጥ ከዓይን የተሰወረ ትልቅ ሥራ ይከናወናል። ለወራት ወተት ሲያመነጩ የቆዩት ሕዋሳት ሥራቸው አብቅቷልና በሥርዓት ይሞታሉ። ሞታቸው አያቆስልም፣ መግልም አይቋጥርም። እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ቆራርጦ ያዘጋጃል፤ አጠገቡ ያሉት ደግሞ ቁርጥራጩን ውጠው ያጸዱታል። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ጽዳት በሳምንት ገደማ ውስጥ አብዛኞቹን ወተት አመንጪ ሕዋሳት ያስወግዳል። ያልተጠባው ወተት ሲጠራቀም ስታት-3 የተባለ ፕሮቲን ይቀሰቀሳል፤ ለሕዋሳቱ ጊዜያቸው ማለፉን ከሚነግሯቸው ዋነኞቹ አንዱ እሱ ነው።

ጡት እንግዲህ ሞትን የሚያውቅ አካል ነው። በየወር አበባው ዑደት፣ በየእርግዝናው፣ በየጡት ማስጣሉ ሕዋሳት ይወለዱበታል፣ ይሞቱበታል። ስለ ጡት ካንሰር ሲወራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ የሕዋሳት ከልክ በላይ መባዛት። መሞት የነበረባቸው ሕዋሳት አለመሞታቸው እምብዛም አይነገርም። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት ምርምር ካስተማረን ትልቅ ነገር አንዱ ግን ይኸው ነው፦ የካንሰር ሕዋስ የሚቆየው «ኑር» የሚለው መልእክት ሳያቋርጥ ስለሚደርሰው፣ ወይም «ሙት» የሚለውን መስማት ስላቆመ ነው። መልእክቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የሕክምናውን አቅጣጫ ቀይሮታል። ለውጡ ግን የሚጠቅመው ዕጢዋ በአግባቡ የተመረመረላትን ሴት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም በዚያ ላይ ነው።

ሞትም ሥርዓት አለው

በ1972 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ኬር፣ አንድሩ ዋይሊና አላስቴር ከሪ የተባሉ ሦስት የፓቶሎጂ ሊቃውንት አዲስ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ሕዋስ የሚሞተው ሲጎዳ ብቻ አይደለም፤ በራሱ ውስጥ በተቀመጠ ትእዛዝም ይሞታል አሉ። ይህን ዓይነቱን ሞት አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። ሐሳቡ ወዲያው ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። ኋላ ላይ ግን ሲድኒ ብሬነር፣ ሮበርት ሆርቪትዝና ጆን ሰልስተን ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ትል ላይ ባደረጉት ምርምር ነገሩ ጠራ። ትሏ ስታድግ ከሚፈጠሩላት 1090 ሕዋሳት መካከል 131ዱ ይሞታሉ፤ የትኞቹ እንደሚሞቱና መቼ እንደሚሞቱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሞቱን የሚያዙና የሚከለክሉ ጂኖችም ተገኙ። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ2002 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

በዚህ መሀል በሜልቦርን የሚገኘው የዋልተርና ኤሊዛ ሆል ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ1988 አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። ቢሲኤል-2 የተባለው ጂን በአንድ ዓይነት የሊምፍ ካንሰር ውስጥ ከቦታው ተዛውሮ ከመጠን በላይ እንደሚሠራ ከዚያ በፊት ታውቋል። እስከዚያ ጊዜ የታወቁት የካንሰር ጂኖች ሕዋስን የሚያባዙ ነበሩና ይህም እንዲሁ ያደርጋል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም። ቢሲኤል-2 ግን ሕዋሱን አያባዛም፤ መሞት በሚገባው ጊዜ እንዳይሞት ያደርገዋል። ካንሰር የመባዛት በሽታ ብቻ ሳይሆን ያለመሞት በሽታም መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

በማይቶኮንድሪያ ደጃፍ

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር የሕዋሱ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በማይቶኮንድሪያ ላይ መሆኑን አሳየ። ማይቶኮንድሪያ ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል ነው፤ የሞቱ ቁልፍም የተቀመጠው በዚያው ነው። ባክስና ባክ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ትእዛዝ ሲደርሳቸው የማይቶኮንድሪያውን ግድግዳ ይበሱታል። በቀዳዳው ሳይቶክሮም-ሲ የተባለ ሞለኪውል ያመልጣል። ቻይናዊ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሺያዶንግ ዋንግና ባልደረቦቹ በ1996 እንዳሳዩት፣ ሌላ ጊዜ ለኃይል ማመንጨት የሚያገለግለው ይህ ሞለኪውል ካመለጠ በኋላ ካስፔዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን ያስነሳል። ካስፔዞች የሕዋሱን ፕሮቲኖች እየቆረጡ ሞቱን ያስፈጽማሉ። ከዚህ በኋላ መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይህ በዘፈቀደ እንዳይሆን ቢሲኤል-2፣ ቢሲኤል-ኤክስኤልና ኤምሲኤል-1 የተባሉ ፕሮቲኖች ባክስንና ባክን ይዘው ያቆያሉ። በሦስተኛ ወገን ደግሞ ባድ፣ ቢምና ፑማ የመሳሰሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱ ሕዋሱ ሲጎዳ ወይም መልእክት ሲቋረጥበት ይነሱና ከልካዮቹን ያስራሉ። ስለዚህ ሕዋሱ መኖሩና መሞቱ በእነዚህ ሦስት ወገኖች ሚዛን ይወሰናል።

ከዚህ ሥዕል የሚወጣው ቁም ነገር ብዙዎቻችን ካንሰርን ከምናስብበት መንገድ የተለየ ነው። የካንሰር ሕዋስ ሲታይ ብርቱ ይመስላል። ውስጡ ግን የተበላሸ ዘረ-መል፣ የተዛባ ክፍፍልና የኦክስጅን እጥረት የሚፈጥሩት የሞት መልእክት ሞልቶበታል። ሳይሞት የቆየው ከልካዮቹ ፕሮቲኖች ደግፈው ስለያዙት ነው። ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ከጤነኞቹ ይልቅ ለሞት የቀረቡ ናቸው። ኬሞቴራፒ በብዙ ሕመምተኞች ላይ የሚሠራበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ አስቀድሞ ጫፍ ላይ የነበረውን ሕዋስ ይገፋዋል። ታዲያ ጥያቄው ያንን ሕዋስ ደግፎ ያቆመው ማን ነው የሚል ይሆናል።

«ኑር» የሚለው ማን ነው?

በጡት ካንሰር ላይ ለዚህ ጥያቄ የተገኙት ዋና ዋና መልሶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ኤስትሮጅን ነው። አብዛኞቹ የጡት ካንሰሮች በሕዋሳቸው ውስጥ የኤስትሮጅን ተቀባይ አላቸው። ሆርሞኑ ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ሕዋሱን የሚያባዙና ከሞት የሚከልሉ ጂኖች ይነሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢሲኤል-2 ራሱ ነው። ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ያስገረማቸው ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ቢሲኤል-2 ሞትን ይከለክላል፤ ስለዚህ የበዛበት ዕጢ የከፋ መሆን ነበረበት። በጡት ካንሰር ግን ቢሲኤል-2 የሚታይባቸው ሴቶች በአማካይ የተሻለ ዕድሜ ያገኛሉ። ምክንያቱ ፕሮቲኑ መኖሩ ዕጢው ገና በኤስትሮጅን መታዘዙን ስለሚናገር ነው። ጌታው የታወቀ ሕዋስ፣ ጌታው ሲያዝ አብሮ ይያዛል። ስለዚህ አንድን ሞለኪውል ብቻውን ቆርጦ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ማለት አይቻልም፤ ማን እንዳዘዘው ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኸር-2 ነው። ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ የዚህ ተቀባይ ጂን ተባዝቶ ይገኛል። ተቀባዮቹ በሕዋሱ ገጽ ላይ ከመብዛታቸው የተነሳ የውጭ መልእክት ሳይጠብቁ እርስ በርስ ተጣምረው «ተባዛ፣ ኑር» እያሉ ወደ ውስጥ ይልካሉ። ዴኒስ ስሌመንና ባልደረቦቹ በ1987 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያለ ዕጢ ያላቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳዩ።

ሦስተኛው በሕዋሱ ውስጥ የተዘረጋው የፒአይ-3-ኬ መስመር ነው። ኢንዛይሙን ሉዊስ ካንትሊና የሥራ ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ አገኙት። ከኢንሱሊንም ሆነ ከኸር-2 የመጣው መልእክት በዚህ መስመር ተጉዞ ኤኬቲ የተባለውን ኢንዛይም ያነሳል። ኤኬቲ ባድን ምልክት አድርጎበት ከማይቶኮንድሪያው ያርቀዋል። ቢም እንዲሠራ የሚያደርጉትንም ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ኒውክሊየስ ያስወጣቸዋል። የሞት መልእክተኞቹ እንዲህ በአንድ ጊዜ ይገታሉ። ጤነኛ ሕዋስ ይህን መስመር የሚያረጋጋ ፒቴን የተባለ ፕሮቲን አለው። በዕጢ ውስጥ ግን አንዳንዴ ፒቴን ይጠፋል፤ አንዳንዴ የፒአይ-3-ኬ ጂን ይለወጥና መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የሆርሞን ተቀባይ ካላቸውና ኸር-2 ካልበዛባቸው የጡት ካንሰሮች 40 በመቶ ያህሉ ይህ የጂን ለውጥ አለባቸው።

መልእክቱን መቁረጥ

መልእክት በመቁረጥ ካንሰርን ማከም የተጀመረው ሳይንሱ ከመታወቁ በፊት ነው። የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን በ1896 ባወጣው ዘገባ የገፋ የጡት ካንሰር ያለባትን ሴት እንቁልጢ ካወጣ በኋላ ዕጢዋ እንደሟሸሸ ገለጸ። ኤስትሮጅን የሚባል ነገር ገና አልተገኘም፤ ቢትሰን ግን ሳያውቀው የመልእክቱን ምንጭ ነቅሏል።

ታሞክሲፈን ወደ ካንሰር ሕክምና የመጣውም ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1962 በእንግሊዝ አይሲአይ ኩባንያ ውስጥ ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች ኬሚስት ሠራችው፤ የታሰበው ለወሊድ መከላከያ ነበር። ለዚያ አልሆነም። በማንቸስተር ክሪስቲ ሆስፒታል የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በ1971 ታተመ፤ በ1977 አሜሪካ ፈቀደችው። ታሞክሲፈን በጡት ውስጥ የኤስትሮጅንን ቦታ ይይዝና መልእክቱ እንዳይተላለፍ ያደርጋል። በኦክስፎርድ የሚመራው ዓለም አቀፍ የጥናቶች ስብስብ በ2011 እንዳሳየው፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ለአምስት ዓመት ከወሰዱት በጡት ካንሰር የመሞት አደጋቸው በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ተቀባዩ ለሌላቸው ግን ጥቅም የለውም። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ በሽታውም በስም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሕዋሱ የሚሰማው መልእክት ነው።

ለኸር-2 ደግሞ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት መጣ። በ1998 ለገፋ በሽታ ተፈቀደ። በ2005 የወጡ ጥናቶች በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ የበሽታውን መመለስ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ። ቀድሞ እጅግ የሚፈራው ዓይነት ዛሬ ጥሩ ሕክምና ካላቸው ዓይነቶች አንዱ ሆኗል።

አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሲከፈት

ይህ ድል ግን በቀጥታ መስመር አልቀጠለም። መልእክቶቹ ተሳስረዋልና፤ አንዱ ሲቆረጥ ሕዋሱ ሌላውን ያጠነክራል። የፒአይ-3-ኬ መድኃኒቶች ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል።

ከእነዚህ አንዱ የሆነው አልፔሊሲብ የፒአይ-3-ኬ የጂን ለውጥ ባለባቸው ሴቶች ላይ ከሆርሞን ሕክምና ጋር ተሞክሮ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ ከ5.7 ወር ወደ 11 ወር አሳደገ፤ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ነገር ግን ከሚወስዱት ሴቶች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የደም ስኳር ይጨምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው በዚሁ መስመር ነው፣ መስመሩ ሲዘጋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ቆሽት ይህን አይቶ ተጨማሪ ኢንሱሊን ይለቃል። የካንትሊ ቡድን በ2018 በአይጦች ላይ እንዳሳየው ደግሞ ያ የበዛ ኢንሱሊን በዕጢው ውስጥ የተዘጋውን መስመር መልሶ ይከፍተዋል፤ የመድኃኒቱንም ኃይል ያዳክማል። ሰውነት ራሱን ሊያድን ሲሞክር ዕጢውንም ያግዛል ማለት ነው።

ቀጥለው የመጡት መድኃኒቶች ይህን ትምህርት ይዘው ነው የመጡት። ካፒቫሰርቲብ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ኤኬቲን ይይዛል፤ 708 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በሽታው የሚረጋበትን ጊዜ ከ3.6 ወር ወደ 7.2 ወር አሳደገ፣ በኅዳር 2023 ተፈቀደ። ኢናቮሊሲብ ደግሞ ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ገና ከመጀመሪያው ሲሰጥ ጊዜውን ከ7.3 ወር ወደ 15 ወር አሳደገ፤ በጥቅምት 2024 ተፈቀደ። ቁጥሮቹን በሐቅ ማንበብ ይገባል። እነዚህ ወራት ናቸው እንጂ ፈውስ አይደሉም። ለአንዲት እናት ግን ሰባት ተጨማሪ ወር ልጇን ትምህርት ቤት የምታስገባበት ጊዜ ሊሆን ይችላልና ማቃለል አይገባም። ከሁሉ በላይ አቅጣጫውን ያሳያሉ፤ መልእክቶችን አንድ በአንድ ሳይሆን ተባባሪዎቻቸውን ጨምሮ በአንድ ጊዜ መዝጋት።

በቀጥታ የሞትን ከልካይ መምታትስ? ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒት ቢሲኤል-2ን ይይዛል፤ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቶ በ2016 ተፈቅዷል። ቢሲኤል-2 በብዙ የጡት ካንሰሮች ውስጥ ስላለ ተስፋው ከፍ ያለ ነበር፤ ከታሞክሲፈን ጋር የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራም አበረታች ሆነ። ቀጥሎ ብዙ ሕክምና ባለፉ ሴቶች ላይ ፉልቬስትራንት ከተባለው የሆርሞን መድኃኒት ጋር ተጨምሮ የተደረገው ንጽጽር ግን የሚያሳምን ጥቅም አላሳየም። ለዚህ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ የጡት ካንሰር ሕዋስ በቢሲኤል-2 ብቻ አለመደገፉ ነው፤ ኤምሲኤል-1ና ቢሲኤል-ኤክስኤል ተክተው ይይዙታል። በዚያ የደም ካንሰር ውስጥ ደጋፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በጡት ካንሰር ውስጥ ግን ብዙ ናቸው። ይህ ውድቀት ምርምሩን አልዘጋውም፤ ጥያቄውን አጠራው እንጂ። አንድ ፕሮቲን በዕጢው ውስጥ መኖሩ ዕጢው ያለ እሱ መኖር አይችልም ማለት አይደለም።

መስማት ያቆሙት

ሌሎች ዕጢዎች ደግሞ ችግራቸው የሞትን መልእክት መስማት ማቆማቸው ነው። ፒ-53 የተባለው ፕሮቲን ዘረ-መል ሲጎዳ ሕዋሱን ያስቆመዋል፤ ጉዳቱ ካልተጠገነ ፑማንና ባክስን አንስቶ ወደ ሞት ይመራዋል። በ2012 የወጣው ትልቁ የካንሰር ጂኖም ጥናት በጡት ካንሰሮች 37 በመቶ ላይ የፒ-53 ጂን ተለውጦ አገኘው፤ ባዛል በሚባለው ዓይነት ላይ ደግሞ 80 በመቶ። የኤስትሮጅን፣ የፕሮጀስትሮንና የኸር-2 ተቀባይ የሌላቸው፣ በተለምዶ «ትሪፕል ኔጋቲቭ» የሚባሉት ካንሰሮች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። የሚቆረጥ የታወቀ መልእክት የላቸውምና ሕክምናቸው ለረጅም ጊዜ ኬሞቴራፒ ብቻ ነበር።

ነገር ግን ጉድለትም ራሱ ለሕክምና በር ይከፍታል። ብራካ-1 ወይም ብራካ-2 የተባለው ጂን የጠፋበት ሕዋስ የተቆረጠ ዘረ-መሉን በትክክል መጠገን አይችልም፤ ፓርፕ በተባለ ኢንዛይም ላይ ይደገፋል። በ2005 ሁለት የምርምር ቡድኖች ፓርፕ ሲያዝ እንዲህ ያለው ሕዋስ እንደሚሞት፣ ጤነኛው ግን እንደሚተርፍ አሳዩ። ፓርፕን የሚይዘው መድኃኒት ኦላፓሪብ በዚህ መንገድ በ2018 ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ሕዋሱ የሞት ትእዛዝን ባይሰማም በጉዳቱ ብዛት ከሞት አያመልጥም።

ሞቶ ወይስ አንቀላፍቶ?

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የሆርሞን ሕክምና ሁሉንም ሕዋስ አይገድልም፤ ብዙውን ያስቆማል። የቆመው ሕዋስ በአጥንት ወይም በሌላ አካል ውስጥ ሳይባዛና ሳይሞት ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። በ2017 የታተመ፣ ወደ 63 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ያካተተ ትንታኔ ይህን በቁጥር አሳየ። ሴቶቹ ተቀባይ ያለው ካንሰር ነበራቸው፣ አምስት ዓመት የሆርሞን ሕክምና ጨርሰዋል፣ በሽታውም በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሆኖም እስከ ሃያኛው ዓመት ድረስ በሽታው ሳያቋርጥ በየዓመቱ በአንዳንዶቹ ላይ ተመልሷል። ወደ ሩቅ አካል የመመለሱ አደጋ ዕጢው ትንሽ በነበረና ሊምፍ ኖዱን ባልነካበት ጊዜ 13 በመቶ፣ በገፋ ጊዜ ደግሞ እስከ 41 በመቶ ነበር።

ስለዚህ ለሐኪምም ለታካሚም «ዕጢው ወጥቷል» ማለት የታሪኩ መጨረሻ አይደለም። ያንቀላፋው ሕዋስ በምን መልእክት ተደግፎ እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚቀሰቅሰው፣ እንዴት አድርጎ ከእንቅልፍ ወደ ሞት መግፋት እንደሚቻል ማወቅ ለሚቀጥለው ትውልድ ምርምር ከቀሩት ትላልቅ ሥራዎች አንዱ ነው። የሆርሞን ሕክምናው ኪኒን ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመት የሚታዘዝበት ምክንያትም ከዚህ ይመነጫል። ደህና ነኝ ብላ በሁለተኛው ዓመት ያቆመች ሴት ሕዋሱ ሊሰማ የሚችለውን መልእክት መልሳ ትከፍትለታለች።

ለኢትዮጵያዊቷ ታካሚ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ 670 ሺህ ያህሉ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በኢትዮጵያም በሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይህ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ስለ ኤኬቲና ስለ ፒአይ-3-ኬ ማውራት ቅንጦት ይመስላል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። አቅም ባነሰ ቁጥር የትኛው መድኃኒት ለየትኛዋ ሴት እንደሚሆን ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አንድ የተሳሳተ ግምት ለብዙ ጊዜ ቆይቷል፤ የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር በአብዛኛው ሆርሞን የማይሰማ ነው የሚል። በ2014 የታተመና በአዲስ አበባ 352 ታካሚዎችን የመረመረ ጥናት ግን የኤስትሮጅን ተቀባይ የሌላቸው 35 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኘ። ከሦስት ሴቶች የሁለቱ ያህል ካንሰር የሚኖረው በኤስትሮጅን መልእክት ነው ማለት ነው። በአሜሪካዊቷ ቀዶ ሐኪም ሊሳ ኒውማን የተመራ ንጽጽርም ሦስቱ ተቀባዮች የሌሉት ካንሰር በኢትዮጵያውያን ላይ ከጋናውያን በእጅጉ ያነሰ፣ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ የምትኖር ኢትዮጵያዊትም በቆዳዋ ቀለም ሳይሆን በራሷ ዕጢ ውጤት መታየት አለባት።

የኤስትሮጅንን መልእክት የሚቆርጠው ታሞክሲፈን ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ የፓተንት ጊዜው ካበቃ ብዙ ዓመት የሆነው፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ርካሽ ኪኒን ነው። ጨረር አይጠይቅም፣ አልጋ አይጠይቅም። በገጠር ያለች ሴት በቤቷ ልትወስደው ትችላለች። ካፒቫሰርቲብን የመሰሉት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ዋጋቸው ለብዙ ዓመት ከአቅማችን በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው መልእክት ቆራጭ ግን ከእጃችን አልራቀም። የጎደለው ለማን እንደሚሰጥ የሚነግረው ምርመራ ነው።

ምርመራው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይባላል። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በስሱ ተቆርጦ ተቀባዩን በሚያገኝ ፀረ-አካል ይቀለማል። ከካንሰሩ ሕዋሳት አንድ በመቶው እንኳን ከቀለመ ተቀባይ አለው ይባላል። ዓለም አቀፉ መመሪያ ናሙናው ከሰውነት በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባና ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል። ናሙናው ከዘገየ ወይም ፎርማሊኑ ካልበቃው ተቀባዩ ሊጠፋ ይችላል። ከወረዳ ሆስፒታል ተነስቶ ወደ ከተማ በሚላክ ናሙና ላይ ይህ ስህተት ሲፈጠር ውጤቱ «ተቀባይ የለውም» ይላል፤ ሴቲቱም ሊያድናት የሚችለውን ኪኒን ሳታገኝ ትቀራለች። አንድ ጠርሙስ ፎርማሊንና አንድ የሰዓት ማስታወሻ የሰው ሕይወት ሊያተርፉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው በሌለበት ቦታ ሐኪሞች ምን ያድርጉ የሚለው ክርክር ከባድ ነው። ከሦስቱ የሁለቱ ያህል እንደሚጠቀሙ ከታወቀ ታሞክሲፈንን ሳይመረምሩ መስጠት ከምንም ይሻላል የሚሉት ምክንያታቸው የሚያሳምን ነው፤ እኔም በዚያ ሁኔታ ከእነሱ ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን ዋጋ አለው። የማይጠቅማት ሦስተኛዋ ሴት እየታከመች መስሏት ኬሞቴራፒ የሚያስፈልግበት ጊዜ ሊያልፍባት ይችላል። መድኃኒቱም ያለ ጉዳት አይደለም፤ ደም መርጋትን ሊያስከትል ይችላል፣ በማሕፀን ካንሰር የመያዝን አደጋ ጥቂት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሳይመረምሩ መስጠት የችግር ጊዜ መፍትሔ ነው እንጂ ቋሚ ሥርዓት ሊሆን አይገባም።

ከኪኒኑ በኋላ ደግሞ ክትትሉ አለ። አምስት ዓመት ረጅም ነው። የሙቀት ስሜቱ ያስቸግራል፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ያደክማል፣ ጎረቤት «ድነሻል፣ ምን ትዋጪያለሽ» ይላል። ሐኪሙ ኪኒኑ ምን እንደሚሠራ በሚገባት ቋንቋ ከነገራት፣ የተረፈው ሕዋስ እንዳይቀሰቀስ የምትወስደው መሆኑን ከተረዳች፣ የመቀጠሏ ዕድል ከፍ ይላል ብዬ አምናለሁ። ጸበል የምትጠመቅ እናትም ኪኒኗን ይዛ ልትሄድ ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አያስተውም። ስለ ሕዋስ ሞትና ሕይወት ያለው እውቀት በቤተ ሙከራ ብቻ የሚቆይ ሳይሆን በምክር ክፍሉ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ሊነገር የሚገባው ለዚህ ነው።

ካንሰርን በሚመለከት በአገራችን የሚደረገው ውይይት ብዙውን ጊዜ በማሽንና በሕንፃ ላይ ያተኩራል። እነሱም ያስፈልጋሉ። ቅደም ተከተሉን ግን ሳይንሱ ራሱ ያመለክተናል። ዕጢው በምን እንደሚኖር ሳይታወቅ የሚገዛ መድኃኒት በከፊል የሚባክን መድኃኒት ነው። ፎርማሊን፣ ፀረ-አካላት፣ የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያና ፓቶሎጂስት በክልል ሆስፒታሎች ማሟላት ከአንድ የጨረር ማሽን ጋር ሲነጻጸር ቀላል ሥራ ነው፤ ያለውን ታሞክሲፈን ግን በትክክለኛው እጅ ያደርሰዋል። ነገ ትራስቱዙማብ፣ ከነገ ወዲያም የኤኬቲ መድኃኒቶች በዋጋ ሲቀርቡ የሚገቡት በዚሁ በር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ «የጡት ካንሰር ነው» የሚል ማንኛውም የፓቶሎጂ ወረቀት የኤስትሮጅን፣ የፕሮጀስትሮንና የኸር-2 ተቀባይ ውጤት ሳይጻፍበት ከሆስፒታል መውጣት የለበትም። የጤና ባለሥልጣናት ይህን ግዴታ ያድርጉት፣ በጀትም ይያዙለት። ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸውም ውጤቱን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይወቁ፤ ወረቀቱ ላይ ካላገኙትም ሐኪሙን ይጠይቁ።